አንድ ወንበር ያላት መኪና

አንድ ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ መኪናው ውስጥ ተንበርክኮ ወንበር ይፈታ ነበር።

ይኸው ነው። ሌላ ነገር አላደረገም። አልሰረቀም፤ ማንንም አልመታም፤ ማንንም አልሰደበም። አራት ቡሎን ፈታ። ወንበሩን አነሳና ግድግዳ ሥር አስቀመጠው። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

ወገኖቼ፣ ሰው ትልቁን በደል ሲሠራ እጁ ላይ ደም የሚታይ ይመስላችኋል? አይታይም። ብዙ ጊዜ የሚታየው የሞተር ዘይት ብቻ ነው።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው። እንድናገረውም ፈቅዶልኛል። ስሙ ዘርጋው ይባላል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ናዝሬት ከተማ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትንሽ ጋራዥ ነበረው።

በዚያን ጊዜ በከተማው በዓመት አንድ እሑድ የመኪና ውድድር ይደረግ ነበር። መንገዱ ይዘጋል። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ይቆማል። ባለጸጎች ከውጭ ያስመጡትን መኪና ይዘው ይመጣሉ። ዘርጋው ባለጸጋ አልነበረም። መኪና ማስመጣት አይችልም። ስለዚህ ሠራት።

ገደል ከገባች አንዲት ትንሽ ታክሲ አካሏን ወሰደ። ሞተሩን ከሌላ፣ ከተገለበጠ ትልቅ መኪና አወጣ። ሽፋኗን ከዘይት በርሜል ቆርጦ በመዶሻ ቀጠቀጠው። ጣራ የላትም። ሁለት ዓመት ፈጀችበት። ስታልቅ አፍንጫዋ አጭር፣ ኋላዋ ከፍ ያለ ሆነ፤ ከተማው አይቶ ሳቀና "ፌንጣ" አላት። ዘርጋው አልተቆጣም። ያንኑ ስም በነጭ ቀለም ጎኗ ላይ ጻፈው።

ብቻውን ግን አልሠራትም። ይህን ልብ በሉ።

ጋሽ ጉርሙ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ቀጭን ነው። ነገር አያበዛም። ዘርጋውን መፍቻ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። ልጅ አልነበረውም። ምሳውን በየቀኑ ከዘርጋው ቤት ይበላ ነበር። እጁ የሠለጠነ ነው። ከእጁ ይበልጥ ግን ጆሮው ነበር።

ከመካከላችሁ መካኒክ ያለ ይህን ያውቃል፤ ሌሎቻችሁ ስሙ። መኪና ተጠግኖ ሲሞከር ሁለት ሰው ይገባል። አንዱ ይነዳል። ሁለተኛው አይነዳም። እሱ የሚቀመጠው ሊሰማ ነው።

ጋሽ ጉርሙ ሊሰማ ሲቀመጥ ጫማውን ያወልቅ ነበር። ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ያሳርፋል። መዳፉን በሩ ላይ ያደርጋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ያየው ሰው ተኛ ይላል። ከዚያ ድንገት ግራ እጁን ያነሳል። ግራ እጁ ከተነሳ ማቆም ነው። ሕጋቸው ይህ ነበር። መጀመሪያ ይቆማል፤ ለምን የሚባለው ከቆሙ በኋላ ነው።

"ቀኝ የፊት ጎማ ዳዶው ላልቷል" ይላል። ወርደው ያያሉ። ላልቷል።

አንድ ቀን ዘርጋው ጠየቀው። "ጋሽ ጉርሙ፣ እኔም እኮ እዚሁ ነኝ። እንዴት ነው ለእኔ የማይሰማኝ?"

"አንተ ትቸኩላለህ" አለው። "የሚቸኩል ሰው የሚሰማው የራሱን ልብ ነው።"

ወገኖቼ፣ ይህ ሽማግሌ ፊደል የቆጠረው ለስሙ ያህል ነው። ግን እኔ ብዙ ከተማሩ ሰዎች ይህን ያህል አልሰማሁም።

በመጀመሪያው ዓመት ፌንጣ ሁለተኛ ወጣች። ያሸነፈው ከድሬዳዋ የመጣ ነጋዴ ነው፤ መኪናው ከፋብሪካ የወጣች፣ አዲስ። የቀደማት በአንድ መኪና ርዝመት ነው። ከበርሜል የተሠራች መኪና በአንድ መኪና ርዝመት ብቻ መቀደሟ ድንቅ ነበር። ሕዝቡ ዘርጋውን በትከሻው ተሸከመው። ሊመሰገንበት የሚገባ ቀን ነበር። እሱ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። የታየው ያ አንድ መኪና ርዝመት ነው።

እኛስ? እግዚአብሔር ዘጠና ዘጠኝ ሰጥቶን መቶኛዋ አላስተኛን ያለችን ስንቶች ነን?

"ከባድ ናት" አለ ዘርጋው። "ፌንጣን የጎተታት ክብደት ነው።" እውነቱን ነው። ውድድር የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ከመኪናዋ ያልፈለገውን እያወጣ ወደ እህል በረንዳ ወሰደው። በእህል ሚዛን ሊመዝነው ነው።

ተሸካሚዎቹ ከበቡት።

"ዘርጋው! በኪሎ ነው በኩንታል የምትሸጣት?"

"ማኛ ናት ሰርገኛ?"

"ሰርገኛ ናት" አለ ዘርጋው። "አታይም? ከሁለት መኪና የተቀላቀለች ናት።"

ሳቁ። ጥሩንባውን መዘኑ። መብራቶቹን መዘኑ። የኋላውን ወንበር፣ ምንጣፉን፣ በሮቹን መዘኑ። ጋሽ ጉርሙ የሚቀመጥበትን የፊት ወንበርም መዘኑ፤ አሥራ አንድ ኪሎ ወጣ። ከዚያ አንዱ ተሸካሚ ጋሽ ጉርሙን ብብቱን ይዞ ሚዛኑ ላይ አቆመው።

"ሃምሳ ስምንት!" ብሎ ጮኸ። "ጋሽ ጉርሙ፣ ግማሽ ኩንታል ከስምንት ነህ። ሁለት ሰው ለአንድ ፌንጣ አይበዛም?"

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ጉርሙም ሳቀ። ዘርጋውም ሳቀ። ዘርጋው ግን ቁጥሩን በልቡ ያዘው።

በሮቹ ወጥተው ቀሩ። መብራቱ ቀረ። ምንጣፉ ቀረ። ጋሽ ጉርሙ ሁሉንም አብሮ ፈታ። በፊቱ ወንበር ግን እንዲህ ተስማሙ። የውድድሩ ዕለት ጠዋት ይወጣል፤ በነጋታው ይመለሳል። ለሙከራ ያስፈልጋላ። ሰሚው የት ይቀመጣል?

አሁን ወደ ያቺ ቅዳሜ እንመለስ። የሁለተኛው ዓመት ውድድር ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ዘርጋው ብቻውን ነው። ወንበሩን ፈታ። ከዚያ ሌላ ነገር አደረገ። ወንበሩ የሚቆምባቸውን ሁለት ብረቶች በመጋዝ ቆረጣቸው። የዚያን ወገን ወለል አንስቶ በምትኩ ስስ ላሜራ በየደበት። አሁን ወንበሩን ልመልስ ቢል እንኳ የሚመልስበት ቦታ የለም። ሰው ቢቆምበት ይቀደዳል።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጉርሙ መጣ። ጫማውን አወለቀ። ወደ ፌንጣ አንድ እግሩን አነሳና ቆመ።

"እግሬን የት ላድርግ?" አለ።

"ጋሽ ጉርሙ፣ ክብደት ነው እኮ። አብረን መዝነነው የለም?"

"ለውድድሩ ይውጣ። መቼ ከለከልኩህ? ለሙከራውስ?"

"ብረቱም ከባድ ነበር። ቆረጥኩት።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ላሜራውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ላሜራው ጎድጎድ አለና ተመለሰ። "አዬ፣ ልጄ" አለ። ጫማውን አደረገና ከጋራዡ ወጣ።

የዘርጋው ሚስት እታፈራሁ ትባላለች። የዚያን ቀን ምሳ አቀረበች። ሦስት ሰው የሚበላው ምሳ ነው።

"ጋሽ ጉርሙስ?"

"አልመጣም።"

"ታመመ?"

"ኧረ ደህና ነው። ወንበሩን ስላወጣሁ ነው መሰለኝ የከፋው።"

እታፈራሁ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "ከመኪናህ ታወጣዋለህ፤ የራስህ ናት" አለችው። "ከእኔ ማዕድ እንድታወጣው ማን ፈቀደልህ?"

ዘርጋው ይህን ሲነግረኝ ራሱን እየነቀነቀ ነው። "የዚያን ቀን ተነስቼ ቤቱ ሄጄ ቢሆን" አለኝ። "ቤቱ እኮ ሩቅ አልነበረም። ከጋራዡ የሚታይ ቤት ነው።"

አልሄደም።

እዚህ ላይ ጠየቅሁት። እኔ ሰው ሲናገር ዓይኑን አያለሁ። "ዘርጋው፣ እውነት ክብደት ነበር?" አልኩት።

እንዲህ አለኝ። "ካለፈው ውድድር በኋላ መጠጥ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ከጀርባዬ አንዱ ሲያወራ ሰማሁ። 'ጉርሙ ባይኖር ዘርጋው ምን አላት' አለ። ያቺ ቃል ሆዴ ገባች። ከዚያ በኋላ ግራ እጁን ባነሳ ቁጥር የማያት ያቺን ቃል ነው። ልክ በሆነ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ጀመር። አባቴ፣ ኪሎው አልከበደኝም። የከበደኝ ጆሮው ነው።"

ሰማችሁ? የከበደኝ ጆሮው ነው።

ሰውየው ለሚስቱ ክብደት አለ። ለጎረቤቱ ክብደት አለ። ለራሱም ክብደት አለና አመነ። ምክንያቱ እውነት የሚመስል ነው፤ ሚዛን አለው፤ ቁጥር አለው፤ አሥራ አንድ ኪሎ። ወገኖቼ፣ ሰይጣን በሐሰት ብቻ የሚያታልል አይምሰላችሁ። በትክክለኛ ሚዛንም ያታልላል።

የሁለተኛው ሳምንት አርብ ደረሰ። ውድድሩ እሑድ ነው። ዘርጋው ፌንጣን ከከተማ ውጭ በወንጂ መንገድ ይሞክራት ነበር። ቀላለች። ትበርራለች። የሰፈሩ ሥራ ፈቶች መንገድ ዳር ተቀምጠው ያያሉ። ጋሽ ጉርሙም በእግሩ መጥቶ ከእነሱ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። አንዴ አለፈች። ሁለቴ አለፈች። በሦስተኛው ግራ እጁን አነሳ። ዘርጋው አቆመ።

"ከኋላ ድምፅ አለ" አለ ሽማግሌው። "ኩሽኔታ ነው። ሊሞት ነው።"

ኩሽኔታ ማለት ጎማው የሚሽከረከርበት፣ በውስጡ የብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት ነው። እሱ ከተሰበረ ጎማው አይቀመጥም።

"የትኛው? የግራው ነው የቀኙ?"

"እሱን ነው የማላውቀው። ከውጭ ሆኜ አይለይልኝም። የቀኙ ይመስለኛል፤ ግን አልምልም። ለእሷ የሚሆን አንድ ኩሽኔታ ቤቴ አለኝ። አንድ ብቻ ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣ፤ ለእሑድ አይደርስም። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። አንድ ዙር አስቀምጠኝ።"

"ምን ላይ ላስቀምጥህ?"

"ጆንያ አንጥፍልኝ።"

"ላሜራው አይችልህም ጋሽ ጉርሙ። ትወድቃለህ።"

ከሥራ ፈቶቹ አንዱ ጮኸ። "ጋሽ ጉርሙ፣ ጣራው ላይ ውጣ!"

"ጣራ የት አላት?" አለ ሌላው። "ጭራዋን ይያዝ እንጂ!"

ተንከተከቱ። ዘርጋውም ፈገግ አለ። ፈገግታዋን አልረሳትም አለኝ። "ከሁሉ የምትቆጨኝ እሷ ናት።"

ለወጉ ያህል ፌንጣን በክሪክ አነሷት። የኋላ ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ዘርጋው የቀኙን በእጁ አሽከረከረ። ጸጥ ያለ ነው። የግራውን አሽከረከረ። እሱም ጸጥ ያለ ነው።

"አየህ? ምንም የላትም።"

"ልጄ" አለ ጋሽ ጉርሙ፤ "ጎማ ተሸክሞ ነው እንጂ ተሰቅሎ አይናገርም።"

ዘርጋው ክሪኩን አወረደ። "ደህና ናት" አለ። ሞተሩን አስነሳና ሄደ። ሽማግሌውን ባዶ መንገድ ላይ ተወው። የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውማ! በገዛ እጁ ቆርጦታል።

እሑድ ሆነ። ሰው ከጸሎት ወጥቶ በቀጥታ መንገድ ዳር ተሰለፈ። ሰባት ዙር ነው። ለሽማግሌዎች ጥላ ተዘርግቶ አግዳሚ ቀርቧል። ጋሽ ጉርሙን ጠሩት። እንቢ አለ። ተነስቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ሄደ።

ለምን ወደዚያ? እኔም ጠየቅሁ። ዘርጋው ነገረኝ። በዚያ መታጠፊያ መንገዱ ወደ ቀኝ በኃይል ይዞራል። መኪናዋ በፍጥነት ስትዞር ክብደቷ ሁሉ በግራው ጎማ ላይ ያርፋል። የታመመው የግራው ከሆነ እዚያ ይጮኻል። የቀኙ ከሆነ እዚያ ጋ ይቀልለዋል። ከውጭ ሆኖ ግራና ቀኙን መለየት የሚቻልበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው። ሽማግሌው መቀመጫውን ቢነጠቅም ሥራውን አልተወም። የሚሰማበት ሌላ ቦታ ፈለገ። ቦታው ግን አደገኛ ነበር።

አንደኛው ዙር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ፌንጣ ከድሬዳዋው ሰው እኩል ናት። በአራተኛው ቀደመችው። ሕዝቡ አበደ። "ፌንጣ! ዝለይ! ዝለይ!" ይላል።

በአምስተኛው ዙር ዘርጋው ወደ ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ሲደርስ አንድ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ግራ እጁን አንስቷል።

"ሳያየው ቀርቶ ይሆናል" ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ዘርጋው ግን እንዳልደብቅ አስምሎኛል። አይቶታል። ማን እንደሆነ አውቋል። እጁ ምን ማለት እንደሆነም አውቋል። ሕጋቸው ነዋ! መጀመሪያ ይቆማል፤ ከቆሙ በኋላ ይጠየቃል።

"ሁለት ዙር ነው የቀረው አልኩ" አለኝ። "ሁለት ዙር ብቻ። ከዚያ እጁን እስመዋለሁ፣ ይቅርታ እለዋለሁ፣ ግን አሸንፌ አልኩ።"

አልቆመም።

በስድስተኛው ዙር ጋሽ ጉርሙ አሁንም እዚያው ነበር። አሁንም እጁን አንስቷል። ሰዎች "ጋሽ ጉርሙ ወደ ኋላ በል!" ይሉታል። እሱ ግን ልጁ ሳያየኝ ቀርቶ ይሆናል ብሎ ጭራሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። ሳያየኝ ቀርቶ ይሆናል ብሎ! ልቡ ክፉ ማሰብ አልቻለም።

ፌንጣ ወደ ቀኝ ዞረች። የግራ የኋላ ጎማዋ ተነቀለ። መኪናዋ ተሽከርክራ ከወፍጮ ቤቱ አጥር ተላተመች። ዘርጋው ትከሻው ወለቀ፤ ሌላ አልሆነም። ጎማው ግን ብቻውን እየነጠረ ሄዶ ሽማግሌውን ደረቱ ላይ መታው።

ሆስፒታል ወሰዱት። ሰኞ ወደ ማታ ዓይኑን ገለጠ። ዘርጋው አጠገቡ ነው። ክንዱ ታስሯል። ይህን ሁሉ ቀን ሲያጠራቅም የዋለው ይቅርታ ጉሮሮው ላይ ቀረ። የተናገረው ሽማግሌው ነው።

"የግራው ነው" አለ።

"አዎ ጋሽ ጉርሙ። የግራው ነበር።"

"አርብ ዕለት የቀኙ ይመስለኛል ብዬህ ነበር። አሳስቼህ ነበር። የሰው ጆሮ ነው፤ ከሩቅ ሲሆን ይሳሳታል።"

ወቀሳ የለም። "ነግሬህ ነበር" የለም። ሊሞት የተኛው ሰው የራሱን ስሕተት አረመ። እስከ መጨረሻው ሥራው ላይ ነበር። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አረፈ።

ዘርጋው ይህን ሲነግረኝ እንዲህ አለ። "ቢሰድበኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ስድቡን ይዤ እኖር ነበር። ምንም የምይዘው አልሰጠኝም።"

ከዚያ በኋላ መኪና አልተወዳደረም። ፌንጣንም አልጠገናትም፤ ቆራርጦ ለብረት ገዢ ሰጣት። ዛሬ ሸምግሏል። አሁንም ጋራዥ አለው። አንድ ልማድ ይዟል። የጠገነውን መኪና ሊሞክር ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። ባለ መኪናውን አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ነጋዴ ይሁን፣ አስተማሪ ይሁን፣ ያስቀምጠዋል። "ምን ይሰማሃል?" ይለዋል። ሰውየው ትንሽ ያዳምጣል። "ምንም አይሰማኝም" ይላል።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ" አለኝ ዘርጋው። "የሚሰማ ሰው በየቦታው የሚገኝ መስሎኝ ነበር።"

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ መኪና የላችሁ ይሆናል። ውድድር አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። እሺ። ከጎናችሁ የሚሰማ ሰው ግን ነበራችሁ። ሁላችሁም ነበራችሁ። እግዚአብሔር ሰውን ብቻውን አልሰደደውም። ለአንዳችሁ ሚስት ናት። ስትቆጡ ድምፃችሁ ከየት እንደሚመጣ እሷ ታውቃለች። ለአንዳችሁ በመሥሪያ ቤት አጠገባችሁ የነበረ ጸሐፊ ነው። "ጌታዬ፣ ይህ ፊርማ ይቅርብዎ" ያላችሁ። ለአንዳችሁ ታላቅ ወንድማችሁ ነው። ነገር በአንድ ቃል የሚናገር፣ ቃሉም የሚያሳክክ።

ዛሬ የት አሉ?

ወንበራቸው የት አለ?

አላባረርናቸውም ትላላችሁ። ዘርጋውም አላባረረም። ቦታ ብቻ አሳጣው። እናንተም እንደዚያ ናችሁ። ሚስት ስትናገር ሬዲዮ ከፍ ይደረጋል። ያ ጸሐፊ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፤ "ዕድገት ነው" ተባለ። ወንድም ይመጣ የነበረው እሑድ እሑድ ነው፤ አንድ እሑድ "እንግዳ አለብን" ተባለ፤ በሌላው እሑድ በሩ ተቆለፈ። ሁሉም ምክንያት አለው። ሁሉም በሚዛን የተመዘነ ምክንያት ነው። ቀለል ብዬ ልኑር፣ ሰላም ልፈልግ፣ ጊዜ የለኝም። አሥራ አንድ ኪሎ፣ አሥራ አንድ ኪሎ።

እውነት ነው፣ ቀላችሁ። ትበርራላችሁ። ሰውም ያጨበጭባል።

አንዳንዳችሁ ደግሞ "እኔ ደህና ነኝ፤ ራሴን መርምሬአለሁ" ትላላችሁ። መቼ ነው የመረመራችሁት? እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ? ወገኖቼ፣ እዚህ እኮ ተሰቅላችኋል። እሑድ ሁላችንም ተሰቅለናል። ማንም ያሽከርክረን፣ ጸጥ ያልን ነን። የሰኞው ሸክም ሲጫንባችሁ፣ ልጅ ሲታመም፣ አለቃ ሲቆጣ፣ መታጠፊያው ላይ ስትደርሱ ነው ድምፃችሁ የሚወጣው። ያኔ ደግሞ እናንተ አትሰሙትም። ትነዳላችሁ። የሚሰማው ከጎናችሁ ያለ ሰው ነው። ካለ።

ይህንንም ልበላችሁ። ቦታ የነሣችሁት ሰው ምናልባት አልተዋችሁም። ምናልባት አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ሊመታ በሚችልበት ቦታ፣ እጁን አንስቶ ቆሟል። የእናንተ አለማቆም የሚጎዳው እናንተን ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አጥፍቶ በራሱ ላይ ብቻ ያጠፋ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሁለት ዙር ብቻ ቀረኝ የምትል አለህ። ይህ ሥራ ይለቅ፣ ይህ ቤት ይለቅ፣ ከዚያ እታረቀዋለሁ የምትል። አይሃለሁ። ስምህን አልጠራም። የዘርጋው ይቅርታ እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ ነው። መቃብሩ ላይ ሄዶ ተናግሮታል፤ ደጋግሞ ተናግሮታል። መቃብር ግን "ሰምቻለሁ" አይልም።

ጋሽ ጉርሙ ሞቷል። የእናንተው ግን ምናልባት በሕይወት አለ። ቤቱን ታውቁታላችሁ። የሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ረጅም ጸሎት አላደርግም። ምሳችሁንም ሳትበሉ ሂዱ። በሩን አንኳኩ። ሲከፍትላችሁ ምክንያት አትደርድሩ፤ ስለ ክብደት አታውሩለት። "በእኔ ላይ ምን ትሰማለህ?" በሉት።

ከዚያ ዝም በሉ፤ እሱ ይናገር።